ባቡሩ ድሬ ይደርሳል፣ ድሬ ግን አይገባም

ጥያቄዬን የጻፍኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሙቀቱ ገና አልበረታም። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር፤ እኔ በረንዳው ላይ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። የድሬ ልጆች የምንሰባሰብበት የውይይት መድረክ አለ። ግማሻችን እዚሁ ነን፤ የቀረው አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ፣ ባህር ማዶ ተበትኗል። እናቴም አለችበት። ታነባለች እንጂ አንድ ቀንም ጽፋ አታውቅም።

የጻፍኩት ይህን ነው። ሐሙስ ከአዲስ አበባ በባቡር መጣሁ። ጠዋት ከለቡ ተነስተን አስር ሰዓት ገደማ ድሬ ደርሳችኋል ውረዱ ተባልን። ወረድኩ። ዙሪያውን አየሁ። ድሬ የለችም። ሜዳ አለ፣ ግራር አለ፣ ትልቅ አዲስ ሕንፃ አለ፣ ከበሩ ውጪ የባጃጅ ሰልፍ አለ። መሃል ከተማ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር እወርዳለሁ ያልኩት ሰውዬ መልካ ጀብዱ በኩል ፀሐይ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ በኋላ ኮንትራት ነው። አቧራ ነው። ክርክር ነው። እናም ጠየቅኩ፦ ድሬን ከተማ ያደረጋት ባቡር ሆኖ ሳለ ዛሬ ባቡሩ ለምን ከተማዋን አይረግጥም? እዚህ ድሬ ለገሃር፣ መሃል ከተማው የድሮ ጣቢያ ላይ፣ የድሮው ሀዲድ አለ። በእሱ ላይ ከከተማ ወደ ሽንሌ፣ ወደ ሁርሶ፣ ወደ አዲሱም ጣቢያ የምትመላለስ አንዲት ትንሽ የከተማ ባቡር ብናገኝ ምን ይለናል?

ልኬ ስልኩን አስቀመጥኩ። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ሳይቀዳ መልስ መጉረፍ ጀመረ። እስከ ማታ 34 ደረሰ። ሁሉንም አልነግራችሁም፤ ዋና ዋናዎቹን በቁጥራቸው ላውራችሁ።

ቁጥር 1 ስለ ባቡር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባጃጁ ስንት እንዳስከፈለኝ ብቻ ጠየቀ። አልመለስኩለትም።

ቁጥር 2 መምህርት ናቸው። በጨዋ ደንብ እንኳን በሰላም መጣህ ካሉኝ በኋላ ታሪኩን ዘረዘሩልኝ። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ በሐረር በኩል ማለፍ ነበር። ሐረር ግን ከድሬ ወደ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ናት፤ የደንገጎን አቀበት በሀዲድ መውጣት ከባድም ውድም ሆነ። ስለዚህ ኩባንያው ባቡሩን ሜዳው ላይ አቆመ፤ ቦታውም አዲስ ሐረር ተባለ። ጣቢያው ቀደመ፣ ከተማዋ ተከተለች። ከዚራ ከነቀጥ ያለ መንገዷና ከነዛፎቿ የባቡር ሰዎች ሥራ ናት። አዲስ አበባ ባቡሩን ያየችው በ1909 ነው፤ ከእኛ 14 ዓመት ዘግይታ። መምህርቷ ይቺን የ14 ዓመት ነገር በአንድ መልስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጽፈዋታል። ስህተት አይመስለኝም።

ቁጥር 3 አረመኝ። መጀመሪያ ስጽፍ ድሬን የወለዳት ባቡር ብዬ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ እዚህ ሰው እንዳልነበረ አድርጌ መጻፌ ከነከነው። ከብቱንና ግመሉን ውሃ የሚያጠጣ ሕዝብ ሀዲዱን ቆሞ እንዳየው አስታወሰኝ። ልክ ነው። የወለዳት የምትለዋን አጥፍቼ ከተማ ያደረጋት አልኩ። አሁንም ደስ ያለው አይመስለኝም፤ ግን ዝም አለ።

ቁጥር 4 ምሬተኛ ነው። ሚስቱ ድሬ፣ ሥራው አዲስ አበባ። ለእሱ ችግሩ ጣቢያው ያለበት ቦታ አይደለም፤ ቀኑ ነው። ባቡሩ ሐሙስ ከመጣ ዓርብ ተመላሽ ነው። ዓርብ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የለም። ዓርብ ከሥራ የሚወጣ ሰው ደግሞ መምጣት የሚፈልገው ዓርብ ነው። ስለዚህ በአውቶቡስ ሌሊት ሲናጥ ያድራል። ባቡር ያላት ከተማ ልጅ ሆኖ ባቡሩን የሚያየው ከአውቶቡስ መስኮት እንደሆነ ጽፏል።

ቁጥር 5 ጓደኛዬ ነው። ቻርጀሬ ከዚራ እሱ ቤት እንደቀረ ያሳውቀኛል። በቃ። ይህን ኢንቦክስ ቢያደርግልኝ ምን ነበረበት?

ቁጥር 6 ነገሩን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ አጻጻፉም እንደ ብረት ደረቅ ነው። የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። አንዱ ላይ የሚሄድ ሌላው ላይ አይሄድም፤ ስለዚህ ከለቡ የመጣው ባቡር ለገሃር ይግባ ማለት የማይሆን ነገር ነው። ደግሞም አዲሱ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ በራስጌው 25 ሺህ ቮልት ተሸክሞ ይሄዳል። ያንን በመጋላ ሰፈር ቆርቆሮዎች መሃል ማሳለፍ አይቻልም። ፈጣን ባቡር ጠባብ ኩርባ አይወድም፤ ሰፊ መሬት ይፈልጋል፤ ሰፊ መሬት ያለው ከከተማ ውጪ ነው። ከሁሉም በላይ መስመሩ በዋናነት የተሠራው ለእኔና ለሻንጣዬ ሳይሆን ለጅቡቲ ወደብ ዕቃ ነው። ኮንቴይነር ደግሞ ባጃጅ አይከራከርም። ይቺ የመጨረሻዋ የእሱ ናት፤ ከዚያ ሁሉ ቁጥር መሃል ስትወጣ ደስ አለችኝ። ሲጨርስ፣ አዲስ አበባም ብትሆን ፒያሳ ላይ እንዳልተሳፈርኩ፣ ለቡም ዳር እንደሆነ አስታወሰኝ።

ለቡ የምትለው ቃል ቁጥር 7ን አነደዳት። አዲስ አበባ የምትማር የድሬ ልጅ ናት፤ አያት አካባቢ ትኖራለች። እዚያ የከተማ ባቡር አለ፤ መስከረም 2008 ላይ ነው ሥራ የጀመረው። አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። 39 ማቆሚያዎች አሉት። መሃል ከተማ ላይ ሁለቱም መስመሮች አንድ ሀዲድ ይጋራሉ፤ አምስት ማቆሚያ አብረው ይሄዳሉ። ከአምስቱ አንዷ የአዲስ አበባው ለገሃር ናት። እሷን የሚያቃጥላት ይህ ነው። የከተማው ባቡር የሚቆመው የድሮው የድሬ ባቡር ይደርስበት በነበረው ጣቢያ አጠገብ ነው። የድሬው ባቡር ግን ዛሬ እዚያ የለም፤ ለቡ ሄዷል። የከተማው ባቡር ደግሞ ለቡ አይደርስም። ለእረፍት ወደ ቤቷ ስትመጣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ባቡር፣ ታክሲ፣ ሌላ ታክሲ፣ ባቡር፣ ባጃጅ። ሁለቱን ባቡር ለማገናኘት ሁለት ታክሲ ይጠይቃታል። ዘመድ ሆነው እንደተኳረፉ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንድ ግቢ አይገናኙም።

ቁጥር 8 ያው ቁጥር 1 ነው። ባጃጁ ስንት ነበር?

ቁጥር 9 ደግሞ ለቁጥር 7 መልስ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ የከተማ ባቡር ሲሉት ይስቃል። ሀዲዱ ሲዘረጋ መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ፊት ለፊቱ ያለው ሱቅ ዱሮ ሃያ እርምጃ ነበር፤ አሁን ማቋረጫ እስኪያገኝ ታች ሄዶ በማዶ በኩል ሽቅብ ይመለሳል። ዳቦ ለመግዛት ስፖርት ሠርቶ ይገባል። ባቡሩ ውስጥ ያለውንም አልተወውም። ጠዋት ጠዋት ሰው በሰው ላይ ነው። አፍንጫህን ቢበላህ የምታክበት እጅ አይኖርህም፤ አንዱ እጅ ብረቱን፣ ሌላው ኪስህን ይዟል። በሩ ሊዘጋ ሲል የሚዘል አለ፣ ሳይወርዱ የሚገፋ አለ፣ ቦርሳውን ጀርባው ላይ አዝሎ ሲዞር የሕፃን ፊት የሚመታ አለ። የሚያመሰግነው አንድ ነገር ቢኖር ዋጋውን ነው። ሲጀምር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከእነዚያ ትንንሽ ወረቀት ቲኬቶች አንዷን መጽሐፍ ውስጥ እንዳስቀመጣት ጽፏል። ሲረግም የቆየ ሰው ቲኬት ደብቆ ያስቀምጣል!

10 እና 11 ቀልድ ናቸው። አንዱ የድሬ የከተማ ባቡር ከመጣ የበርጫ ፉርጎ ይኑራት አለ፤ ወንበር የሌለው፣ ፍራሽና መከዳ ብቻ፣ በረዶ ውሃ ያለው። ሌላው ይህ ከሆነ የሚወርድ ሰው ስለማይኖር ጣቢያ መሥራት አያስፈልግም ብሎ መለሰ። መምህርቷ ሁለቱንም በአንድ የቁጣ ምልክት ዝም አሰኟቸው።

ቁጥር 12 ላይ የመድረኩ አየር ተለወጠ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በባቡር ጋራዥ ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። የሚጽፉት በአንድ ጣት ነው፤ እየጻፉ ነው የምትለው ምልክት ለአንድ ሰዓት ስትበራና ስትጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፣ እንጠብቃለን።

ጋሼ ለቁጥር 6 በአክብሮት መለሱ። ትልቁን ባቡር ትንሹ ሀዲድ ላይ አውጣ ያለ የለም። የተጠየቀው ሌላ ትንሽ ባቡር ነው። ያ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነበረን። ሊቶሪና። ሞተሯ ከራሷ ጋር የሆነ፣ የሚጎትታት የማትፈልግ፣ ቀለል ያለች። ሽንሌ ለመድረስ ከባድ ባቡር ምን ያደርጋል? ይህን ካሉ በኋላ ግን ሀዲዱ አለ ባልኩት ላይ ገሠጹኝ። ባለፈው ዓመት ከለገሃር ወደ ምዕራብ በእግራቸው ሄደው አይተውታል። አንዳንዱ ቦታ አሸዋ ውጦታል። አንዳንዱ ቦታ ብሎኑ ተፈትቶ ተወስዷል። አንድ ቦታ ላይ ሀዲዱን ተደግፎ የፍየል በረት ተሠርቷል። በሩቅ የሚያይ ሰው ሀዲድ አለ ይላል። የሚነካው ሰው ግን ብረት ብቻ እንዳለ ያውቃል።

ከዚያ ስለ መዶሻው ጻፉ። ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ረጅም እጀታ ያላት መዶሻ ይዘው በፉርጎዎቹ ጎን እየሄዱ እያንዳንዱን የብረት ጎማ መታ ያደርጉ ነበር። ደህናው ጎማ እንደ ደወል ይጮሃል፤ ድምፁ ረዘም ይላል። ስንጥቅ ያለበት እንደ ጎደሎ እንስራ ዱብ ብሎ ይቀራል። ሌሊት በጨለማ፣ መብራት ሳይዙ፣ በጆሮ ብቻ ይለዩት ነበር። አንድ ጊዜ ረዳታቸው ደህና ነው ብሎ ያለፈውን ጎማ እሳቸው ተመልሰው መቱት። አልጮኸም። ፉርጎዋ ተፈትታ ቀረች፣ ባቡሩ አንድ ሰዓት ዘገየ፣ ተሳፋሪው ሰደባቸው። እስከ ዛሬ ጎረቤታቸው ብረት በር ሲዘጋ ድምፁን ያዳምጣሉ።

እኔ ይህን ሳነብ ቡናው በረካ ላይ ደርሷል፤ አልጠጣሁትም፤ ቀዘቀዘ።

ቁጥር 13 ሊቶሪና ሳይሆን ኦቶራይ ነው ብሎ አረማቸው። ሊቶሪና ጣሊያን በወረራው ጊዜ ያመጣት ናት፤ በኋላ የነበሩትን ፈረንሳዮቹ ኦቶራይ ነበር የሚሏቸው። ቁጥር 14 ላይ ጋሼ በአጭሩ መለሱ፤ ከሥሯ ተኝቶ ዘይት የጠጣ ሰው እንደፈለገው ይጠራታል። ጨዋነት ነበረው፤ ግን ቁጥር 13 ዳግመኛ አልተመለሰም።

ቁጥር 15 የነጋዴ ልጅ ናት። አሁን ባህር ማዶ ትኖራለች። እናቷ ጅቡቲ እየተመላለሱ ነበር ያሳደጓት፤ ሲሄዱ አትክልት፣ ሲመለሱ ጨርቅና ሽቶ። ሲመለሱ ሦስት ቀሚስ ደራርበው ስለሚለብሱ የባቡሩ ሙቀት ሊገድላቸው ይደርስ ነበር። እሷ ያኔ ትንሽ ልጅ ናት። የምትቀመጠው ትራስ ላይ ነው። ትራሱ ውስጥ ጥጥ የለም፤ ተጠቅልሎ የተጠቀጠቀ የቀሚስ ጨርቅ ነው። ፊናንሶቹ፣ ኮንትሮባንድ የሚይዙት የጉምሩክ ሰዎች፣ ፉርጎው ውስጥ ሲገቡ እናቷ በስሱ ይቆነጥጧታል። ታለቅሳለች። የሚያለቅስ ሕፃን ከተቀመጠበት የሚያስነሳ ፊናንስ አልነበረም። አንድ ቀን ግን አንዱ ፊናንስ አባብሎ ከረሜላ ሰጣትና ዝም አለች። እናቷ እንደገና ቆነጠጧት። ፊናንሱ አየ። ሳቀና አለፈ። ይህን የምታነሳው ቁጥር 4ን ለማጽናናት ነው፤ ባቡር ውስጥ መሰቃየት አዲስ ነገር እንዳልሆነ እንዲያውቅ። ቁጥር 4 የተጽናና አይመስለኝም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በፍቅር ነበር። ቁጥር 16 መጣ። ወጣት ነው፤ አጻጻፉ ይጎመዝዛል። ሊቶሪና፣ ትራስ፣ ከረሜላ እያልን ስናላዝን የምንረሳውን ልንገራችሁ ብሎ ጀመረ። ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ፈጣኑ ባቡር ኩርባ ላይ ካለው ድልድይ ሀዲዱን ስቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። የእሱ አያት ከእነዚያ አንዱ ናቸው። በቤታቸው ውስጥ የባቡር ናፍቆት የሚባል ነገር አይወራም።

ለረጅም ጊዜ ማንም አልጻፈም። ከዚያ ያቺ እየጻፉ ነው የምትለው ምልክት በራች። ቁጥር 17 ጋሼ ናቸው፤ በጣም አጭር ነው። ያኔ ከድሬ ወደ አዋሽ ከተላኩት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። ኩርባው ላይ ፍጥነት አልተቀነሰም። በመዶሻ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ለወጣቱ አያት ነፍስ ይማር ብለው አቆሙ። ወጣቱ ጋሼ ብሎ አመሰገናቸው። ከዚያ በፊት አንተ እያለ ነበር።

ቁጥር 18 ላይ የባጃጅ ሹፌር ተነሳ። ዒላማው እኔ ነኝ። አቧራ ነው፣ ክርክር ነው ብዬ መጻፌ ስድብ ሆኖ ተሰምቶታል። ሒሳቡን ቁጭ ብዬ እንድሰማው አዘዘኝ። ባቡሩ አስር ሰዓት ይገባል ቢባልም እሱ ስምንት ሰዓት ላይ መድረስ አለበት፤ አለበለዚያ ሰልፉ ጫፍ ላይ ነው የሚቆመው። አንዳንድ ቀን አስራ አንድም አስራ ሁለትም ይሆናል። ከከተማ ሲወጣ ባዶውን ነው የሚሄደው። ቤንዚኑን ያገኘው በሌሊት ሰልፍ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ባዶ ይሆናል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ያልሠራ በዚያ ቀን አልሠራም። ደግሞ አዲስ አበባ ሁለት ታክሲ ያለ ክርክር ቀይሮ የመጣው ሰው ሁሉ ክርክሩን የሚጀምረው እዚህ ሲደርስ ነው! ሁለት ሰው ተጋርታችሁ ሂዱ ሲባሉ አይተዋወቁም፤ ስምንት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠው የመጡ ሰዎች።

ይቅርታ ጠየቅኩት። ከልቤ ነው። የጋራ ጉዞ ያለው ነገር ደግሞ ልኬን ነው የነገረኝ፤ አጠገቤ ተቀምጣ የመጣች እህት ከዚራ ነበር የምትሄደው። እኔ ለብቻዬ ተኮፍሼ ሄድኩ።

ቁጥር 19 ይህን ሁሉ አንብቦ፣ ታዲያ ስንት ነበር ብሎ ጠየቀኝ።

ቁጥር 20ን አታገኙትም። ለሹፌሩ የተጻፈ ስድብ ነበር፤ አድሚኑ አጠፋው። 21 ለጠፋው መልስ የተጻፈ መልስ ስለሆነ ለብቻው ሲነበብ እብደት ይመስላል። በእሱ ሥር ሁለት ሰዎች የከተማዋ ስም ላይ ተያያዙ። አንዱ በሶማልኛ ድር ጦሩን የተከለበት ቦታ ማለት ነው ይላል። ሌላው በኦሮምኛ የመድኃኒት ሜዳ ነው ይላል። ይህ ክርክር ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ቢያንስ አንድ ጊዜ ይበቅላል። ስለ ቲማቲም ዋጋ ስንወያይም በቅሏል። 22 የአድሚኑ ማስጠንቀቂያ ናት፤ ወደ ባቡሩ ተመለሱ።

ቁጥር 23 ተመለሰ። ሐሳቡ ድፍረት አለው፦ የድሮውን ሀዲድ ተዉት፣ አዲስ መስመር በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ይዘርጋ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ከተማዋን መሃል ለመሃል ነው የሚሄደው፣ ቤት ማፍረስ የለም። ለአንድ አፍታ ቆንጆ መሰለኝ። ቁጥር 24 አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የጻፈችው፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ያንን አሸዋ ሌሊት ላይ ያየ ሰው ይህን ሐሳብ አያነሳም። ጎርፉ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። ቁጥር 23 ሐሳቡን ሳይከራከር አነሳ። የድሬ ሰው ሁሉን ይከራከራል፤ በደቻቱ አይከራከርም።

ቁጥር 25 ነርስ ናት፤ በምሳ ሰዓቷ የጻፈችው ነው። በሦስት መስመር ትንሿን ባቡሬን ገደለቻት። ሀዲድ ለመጠገን፣ አሸዋ ለመጥረግ፣ በረት ለማንሳት፣ ባቡር ለመግዛት ከመጨቃጨቅ ባቡሩ በሚገባበት ሰዓት ጣቢያው በር ላይ አንድ ሁለት አውቶቡስ ቢቆም አይበቃም ወይ? ከጣቢያ ሳቢያን፣ ከዚራ፣ መጋላ። ሲመለስ የሚሳፈረውን ይዞ ይመለሳል። ምን ልበል? ልክ ናት። ባቡር እፈልጋለሁ የሚለው ልቤ እንጂ ሻንጣዬ አይደለም። ሹፌሩ ግን ወዲያው ከሥሯ መጥቶ አውቶቡስ ከመጣ እሱ ስምንት ሰዓት ላይ የት እንደሚሄድ ጠየቃት። አልመለሰችም፤ ምሳ ሰዓቷ አልቆ ይሆናል።

ቁጥር 27 ከሐረር ነው። (26 የሹፌሩ ጥያቄ ነበር።) የእኛ ማጉረምረም አስቆታል። እናንተ ባቡሩ ከከተማ ወጣ ብሎ ቆመ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ፤ እኛን ከ1895 ጀምሮ 55 ኪሎ ሜትር ላይ ነው የቆመብን። ያውም በስማችን ከተማ አቁሞ። አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬ ባቡሩን ወሰደች፣ ለአሮጌዋ ሐረር ደንገጎ ቀረላት። እስካሁን ተራ እየጠበቅን ነው ብሎ ፈረመ። መምህርቷ ሳይቀሩ ሳቁ። ከድሬ አንዱ፣ ባቡር ቢመጣስ በጀጎል በሮች እንዴት ሊያስገቡት እንደሆነ ጠየቀ። ሐረሩ አምስት በር እንዳላቸው፣ ለባቡር የሚሆነውን መርጠው እንደሚያሳውቁ መለሰ።

ቁጥር 29 ስለ መዘግየት የጻፈው ሰው ሽንሌ ያደገ ነው። ባቡሩ ሲዘገይ ተሳፋሪው ሠራተኛውን ይረግማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የግመል ነው። የግመልም አይደለም እንግዲህ። ግመሏ አያቷ ውሃ ወደጠጣችበት ጉድጓድ እየሄደች ነው፤ መሃል ላይ ሀዲድ ተዘርግቶ አገኘች። የድሮው ባቡር ይንቃቃ ስለነበር ከሩቅ ይሰማል፤ የአሁኑ በኤሌክትሪክ ነው፣ ሹልክ ብሎ ነው የሚደርሰው። ግመል ደግሞ ስትደነግጥ ከሀዲዱ አትወጣም፤ ሀዲዱን ይዛ ፊት ለፊት ትሮጣለች። ተገጨች ማለት የካሳ ክርክር ነው፤ ባለቤቱ ለሞተችው ግመል ወተቷንም ግልገሏንም ቆጥሮ ነው የሚጠይቀው። ይገባዋል ይላል ቁጥር 29። ፉርጎው ውስጥ ሆኖ ባቡሩ ለምን ቆመ ብሎ ጥፍሩን የሚበላው ሰው ይህን አያይም። እኔም ሐሙስ ኤረር አካባቢ ሩብ ሰዓት ቆመን ነበር። ብርቱካን የሚሸጥልን ይመጣል ብዬ በመስኮት ሳይ ነበር። መስኮቱ አይከፈትም።

ከ30 እስከ 33 ያሉት ከርዕሱ ወጥተዋል፤ ከሁሉም የጠቀሙት ግን እነሱ ናቸው። ቁጥር 30 በሚቀጥለው ባቡር ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ነው፤ ከጣቢያው ወደ ሳቢያን አብሮት ኮንትራት የሚጋራ ፈለገ። ቁጥር 4 ተገኘ፤ ለካ እሱም በዚያው ሊመጣ ነው፤ ፈቃድ ወስዷል። ሹፌሩ ቁጥር 32 ላይ ሰዓቱን መዝግቦ በሩ ላይ እንደሚጠብቃቸው ነገራቸው። ምልክቱ ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ ቀይ መቁጠሪያ ነው። ቁጥር 33 ሦስተኛ ቦታ እንዳለ ጠየቀ። አለ።

ጨለመ። መብራት አብርቼ ክሩን ከላይ እንደገና ሳነብ ቁጥር 34 ገባ።

እናቴ ናት። የመጀመሪያ ጽሑፏ ነው። ስለ ሀዲድ ስፋት አስተያየት የላትም። ሁለተኛ ስመጣ አስቀድሜ ብደውል የጎረቤታችን ልጅ በባጃጁ መጥቶ እንደሚወስደኝ፣ ሰው ማስቸገር እንደማያስፈልግ ገልጻለች። ቀጥላ፣ ሐሙስ መጣሁ ብዬ መጻፌን አየች። ቁጥር 4 ደግሞ ዓርብ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባቡር እንደሌለ መጻፉን አየች። እናም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ አሁን ከባቡር መውረዴ ነው፣ ደክሞኛል ብዬ ቤቷ የገባሁት ከየትኛው ባቡር ወርጄ እንደሆነ ለማወቅ ትፈልጋለች። ቁጥር 5ንም አልዘለለችውም፤ ቻርጀሩ ከዚራ ምን እንደሚሠራ ጠይቃለች።

የጻፈችው ከጓዳ ሆና ነው። እኔ ካለሁበት በረንዳ አምስት እርምጃ ይሆናል። ድስት ስታማስል ይሰማኛል።

ከሥሯ ወዲያው ሃያ ስምንት ሰው ሳቀ፤ ጋሼም አሉበት። ቁጥር 1 ደግሞ ባጃጁ ስንት እንደነበር እማዬን ጠየቃት።